ያልተጠረገ ወለል

ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚዘንብ ያየ ያውቀዋል። ጣና ከነጀልባው ተነሥቶ ቆርቆሯችን ላይ የወጣ ይመስላል። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በዚያ ላይ መብራት ጠፋ። ሁለቱ ልጆቼ የጠቆረውን ቴሌቪዥን ትንሽ ካዩ በኋላ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እነሱ መተያየት ከጀመሩ ቀጥሎ የሚመጣው ድብድብ ነው።

«ሞዛይክ እንሥራ!» አልኩ።

እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ባለቤቴ ቤት ልታጸዳ ስትነሣ ነው። ስልኬ ላይ 20 በመቶ ባትሪ ቀርታ ነበር። እሷኑ የሮማውያንን ሥራ በማሳየት ጨረስኳት። ሮማውያን ድንጋይና መስታወት ጥፍር በምታህል መጠን እየቆረጡ፣ አንድ በአንድ እየደረደሩ ወለላቸው ላይ ሥዕል ይሠሩ ነበር። ጠጠሯን ቴሴራ ይሏታል። እኛ የሚጠረብ ድንጋይም ጉልበትም የለንም። ወረቀት ግን ሞልቶናል።

የትኛውን እንሥራ የሚለው ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ትንሹ የታላቁ እስክንድርን ጦርነት ፈለገ። ፖምፔ በምትባል ጥንታዊ የሮማውያን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1831 የተገኘ ነው፤ ዛሬ ኔፕልስ ሙዚየም ይታያል። ጠጠሮቹ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። «ልጄ፣ ክረምቱ አይበቃንም» አልኩት። ትልቋ ውሻውን መረጠች። እዚያው ፖምፔ፣ አንድ ቤት መግቢያ ላይ፣ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ውሻ አለ፤ ከሥሩ በላቲን «ከውሻው ተጠንቀቅ» ይላል። እኛ ሰፈር በየበሩ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ውሻ ግን የለም። ሮማዊው ቢያንስ ውሻውን ሠርቶ አሳይቷል።

ሦስተኛውን ሳሳያቸው ሁለቱም ዝም አሉ። ስሙ «ያልተጠረገው ወለል» ነው። ሶሶስ የሚባል የጴርጋሞን ከተማ ባለሙያ መጀመሪያ እንደሠራው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ጽፏል። የሶሶስ ሥራ ጠፍቷል፤ ሮም ውስጥ የተገኘ፣ እሱን ተከትሎ የተሠራ ወለል ግን ቫቲካን ሙዚየም አለ። ከግብዣ በኋላ የምግብ አዳራሽ ወለል ምን እንደሚመስል ነው የሚያሳየው። የዓሣ አጥንት፣ የዶሮ እግር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ሁሉም ከነጥላቸው። ጥግ ላይ አንዲት አይጥ የዋልነት ፍሬ ትቆረጥማለች። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውዬው ወለሉ እንዲቆሽሽ ብር ከፍሏል። የእኛ ሀብታም ድግሱን በቪዲዮ ያስቀርጻል፤ የሮማው ፍርፋሪውን በድንጋይ አስቀረ።

«ይሄማ የእኛ ሳሎን ነው» አለች ትልቋ።

«ማን ነው የማይጠርገው?» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

እናቴ እስካሁን ጥግ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ጴርጋሞን የሚለውን ስትሰማ እንዝርቷን አቆመች። «ጴርጋሞን? የሰይጣን ዙፋን ያለበት አይደለም እንዴ? ራእይ ላይ!» እውነቷን ነው፤ ራእዩ እንዲያ ይላል። ቀጥላ የዶሮውን እግር አየች። «በፍልሰታ? የዶሮ አጥንት?» ወረቀት መሆኑን አስረዳሁ። አልሰማችኝም። ዓሣውም ቢሆን አከራከረ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ጉዳይ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ቀልድ አይደለም፤ ቆሮሶው ደጅ ላይ እየዘለለ ነው የሚከራከረው።

ትልቋ መፍትሔ አገኘች። «እማማ፣ የተበላው እኮ ከጾሙ በፊት ነው። አጥንቱ ነው የቀረው።»

«ታዲያ እስከ አሁን ሳትጠርገው የቆየችው ማን ናት?» አለች እናቴ፣ ወደ ጓዳ እያየች።

ከጓዳ መልስ አልመጣም። ድስት ግን ተንኳኳ። በመጨረሻ ዓሣው እንዲያልፍ፣ ዶሮው እስከ ነሐሴ 16 እንዲቆይ ተስማማን።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። የማካሮኒ ካርቶን ቆርጠን ጥቁር ቀባነው፤ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር። ጥቁሩ በየመሐሉ ብቅ እያለ የድንጋዩን መጋጠሚያ ይመስላል። ወረቀቱን 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጭረት፣ ጭረቱን ደግሞ በካሬ በካሬ። 40 ሲባዛ በ30፣ ቢበዛ 1,200 ካሬ። አንድ ክረምት ሙሉ ማባዛት አላጠናም ያለው ትንሹ ይህንን ወዲያው አገኘው። ካሬዎቹን ግን እንደ ሰልፈኛ ቀጥ አድርጎ መደርደር ጀመረ። ሮማውያን ቅርጽ አጠገብ እንዲያ አያደርጉም። መጀመሪያ የቅርጹን ጠርዝ ተከትለው አንድ ረድፍ ያዞራሉ፤ ከዚያ የጀርባውን ቀለም በቅርጹ ዙሪያ ያዞራሉ። ገበሬ ጉቶ ሲያጋጥመው ትልሙን እንደሚያጎብጠው ማለት ነው። ለዚህ ነው ዓሣው የሚዋኝ የሚመስለው። በመሐል የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ክፍተት መተው አለበት። ካልተተወ ፖስተር ይሆናል።

ኮላ በሁለተኛው ቀን አለቀ። የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠን፣ አፍልተን፣ ሙጫ ሠራን። እናቴ የዱቄቱን ዋጋ ጮክ ብላ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው አላነሣችም፤ ምክንያቱም ዓሣው ላይ ሌላ ጉድ አየች።

«ይህ ዓሣ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?»

ከጎን ስለሚታይ ነዋ! ለእናቴ ግን ይህ መልስ አይሆንም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች እየተሳለመች ያደገች ሴት ናት። እዚያ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩህ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። «ቤቴ ግድግዳ ላይ ክፉ ዓሣ አልሰቅልም» አለች። ቤቱ የእኔ ነው ልል ስል ባለቤቴ ከጓዳ አየችኝ። ዓሣው ሁለተኛ ዓይን ተጨመረለት። አሁን ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጉንጩ ላይ ናቸው። ሰው ሲገባ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።

ጠርዙን እንደ ሮማውያን በማዕበል ቅርጽ ልንከበው አስበን፣ ሰማያዊውን ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ቆረጥን። ሦስት ጎን ሄዶ አለቀ። ትንሹ ሳያማክረን አራተኛውን በአረንጓዴ ሞላው። «ምንድን ነው ይሄ?» ስለው «እምቦጭ» አለኝ። የጣናን ጉዳይ ከዚህ በላይ በአጭሩ የገለጸ ስብሰባ አልተቀመጥኩም።

ችግር የሆነው ወርቃማውና ቡናማው ነው። ደብተር ነጭ ነው፤ ጋዜጣ ግራጫ ነው። ወርቅ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የቡፌው መሳቢያ ውስጥ፣ የሠርግ ጥሪ ካርዶቹ ጋ።

ባለቤቴ ካርድ አትጥልም። ለሷ ያ መሳቢያ ሒሳብ መዝገብ ነው። ማን ጠራን፣ ማን ዘግይቶ ጠራን፣ ማን የሷን ስም ዘሎ «ከነቤተሰብዎ» ብሎ አለፈ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ገና መሳቢያውን ስስብ መጣች። ካርዶቹን አልጋ ላይ ዘረጋችና እንደ ምስር ትለቅም ጀመር። ትንሽ አሰበችና ፍርዷን ሰጠች።

«የተፋቱትን ቁረጡ።»

ብዙ ነበሩ። ዶሮዋ እግር ብቻ ሳትሆን ሙሉ ዶሮ ትወጣ ነበር።

ነሐሴ 16 ጾም ተፈታ። የዶሮዋን እግር ለጠፍንና ሳሎን ሰቀልነው። ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡ። አቦሉ ተቀዳ። እትዬ ዓሣውን አይተው አማተቡ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው ዶሮዋን ማየት ጀመሩ። ቆዩ።

«ይቺ ጆሮ...» አሉ። «ይቺ የልጄ ጆሮ አይደለችም?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያሁን ዘመን ካርድ የሙሽሮቹ ፎቶ እንዳለበት ረስቼ፣ ከጀርባው ወርቁን ብቻ እያየሁ ቆርጬዋለሁ። እናቴ ቶሎ ብላ «ጆሮ ከጆሮ ይመሳሰላል፣ እትዬ» አለች። ሊያልፍ ነበር። ትንሹ ግን ቆሎውን እየበላ ተናገረ።

«እኛ እኮ የተፋቱትን ብቻ ነው የቆረጥነው።»

የእትዬ ሲኒ አየር ላይ ቀረ። «ማን ነው የተፋታው?» ባለቤቴ እሳቱን ማራገብ ጀመረች። እሳቱ ደህና ይነድ ነበር። ለካ ልጃቸውና ሚስቱ በሰኔ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀዋል፤ እንዲያውም ልጅ ይጠብቃሉ። እኛ አልሰማንም። በዚህ ከተማ የመፋታት ወሬ በባጃጅ ይመጣል፤ የመታረቅ ወሬ በታንኳ።

እትዬ ቶናን አልጠበቁም። ድስት ጥጄ መጣሁ አሉ። በረካ ሳይጠጡ ቀርተው አያውቁም።

ባለቤቴ ለሦስት ቀን ሞዛይኩን አላየችም፤ እኔንም እንደዚያው። አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ ሥራውን ስንጀምር አይጧን ልንሠራት ፈልገን ነበር። «አይጥ በወረቀትም ቢሆን ቤቴ አትገባም» ብላ የከለከለችው ባለቤቴ ናት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንነሣ የዶሮዋ እግር ግማሹ የለም። የስንዴ ሙጫ መሆኑን ማን እንደነገራት እንጃ፣ አንዷ ሌሊት በቡፌው ላይ ወጥታ እየላጠች በልታዋለች። የሙሽራው ጆሮም አብሮ ሄዷል። ወለሉ ላይ ወርቃማ ፍርፋሪ፣ ነጭ ፍርፋሪ፣ አንድ የዓሣ ዓይን ተበትኗል።

ባለቤቴ ምንም ሳትናገር መጥረጊያ ይዛ መጣች። ትልቋ ከአልጋዋ ዘላ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ በናትሽ እንዳትጠርጊው!»