ካሬ አባዝቶ የቤት ግንባታ ወጪ አይገመትም

ወንድሜ፣ «የአንድ ካሬ ዋጋ ጠይቅ፣ በቤቱ ስፋት አባዛው፣ አለቀ» ብለሃል። እዚህች ላይ ላርምህ።

ባለ 100 ካሬ ሁለት ቤቶች አስብ። አንዱ 10 በ10 ነው፤ የውጭ ግድግዳው ዙሪያ 40 ሜትር። ሌላው 5 በ20፤ ዙሪያው 50። ካሬው እኩል ነው፣ ግድግዳው ግን በ10 ሜትር ይረዝማል። ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 30 ካሬ ትርፍ ግድግዳ መጣብህ። ባለ 40 በ20 ሳንቲም ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ 375 ብሎኬት በለው። ልስኑ ደግሞ በውስጥም በውጭም ነው። የመሠረት ቁፋሮውም አብሮ ይረዝማል።

ካሬው ለመነሻ ያህል ይሁንህ፤ ትክክለኛውን ከፕላኑ ላይ ለክቶ በዝርዝር የሚያወጣልህ ባለሙያ ፈልግ። «በካሬ ይህን ያህል» የሚልህንም ሰው አጥሩና ሴፕቲክ ታንኩ ሒሳቡ ውስጥ እንዳሉ ጠይቀው። እኔ ስጠይቅ ሰውየው ራሱን አከከ።