«ኸዚያ አይባልም» ያለው ማነው?

ልጄ ኬጂ ሁለት ናት። በቀደም ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ እናቴ ጉያ ውስጥ ገባችና እናቴም እንደልማዷ ተረት ጀመረችላት፣ ጦጣዋ ኸዛፉ ወረደችና ኸዚያ ምን ሆነ መሰለሽ ስትላት ልጅቷ አቋረጠቻትና «እማማ ኸዚያ አይባልም፣ ከዚያ ነው የሚባለው፣ ቲቸር ብላለች» አለቻት። እናቴ ሳቅ አለች። ተረቱን ግን አልጨረሰችውም።

እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ ደሴ አካባቢ ነው ተወልዳ ያደገችው፣ አዲስ አበባ ከገባች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበያም ሄዳ እድርም ተቀምጣ ልጆችም አሳድጋ «ኸ»ዋን የነካባት ሰው አልነበረም። ከዛን ቀን ወዲህ ግን ልብ ብዬ ሳያት ከልጅቷ ጋር ስታወራ ቃል ትመርጣለች፣ «ከ» ልትል ትሞክርና መሀል ላይ ይጠፋባታል፣ ዝም ትላለች። ተረቱም አጠረ። ይሄን የምጽፈው በጣም ስለከነከነኝ ነው።

ልጅ ፈተና ላይ «ከዚያ» ብሎ መጻፍ አለበት፣ በዚህ ጭቅጭቅ የለኝም፣ ጋዜጣውም መጽሐፉም እንደዛ ነው። ግን «እንዲህ ይጻፋል» ማለትና «አይባልም» ማለት አንድ አይደለም። እንዴት አይባልም? እየተባለ እኮ ነው! ልጆቹ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ እዩት፣ «ከ» ካለ በኋላ ቀጥሎ ያለው ማነው? «ኸ» ነው። ከግዕዝ በተወረሰው ፊደል ላይ ለአማርኛ ተብለው ከተጨመሩት ሰባቱ (ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ) አንዱ እሱ ነው። ሰው አፍ ላይ ያለ ድምፅ ስለነበረ ነው ፊደል የተሠራለት። «ዠ»ም እንደዛው፣ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲመጣ እኛ ልጆች ሆነን ግቢ ወጥተን «ጅብ ወለደች» እያልን ስንጨፍር እናቴ ከቤት ውስጥ ሆና «ዥብ ወለደች በሉ» ትለን ነበር፣ እኛ ጅብ እሷ ዥብ፣ የወለደችው ያችው ናት።

የሰሜኑን ገጠር የሚያውቅ ሰው ደሞ «ተዚህ»፣ «ተቤት» ሲባል ሰምቷል፣ «ከ»ው «ተ» ሆኖ ማለት ነው። «እንዴት አደርክ» የሚል አለ «እንዴት አደርህ» የሚል አለ። አዲስ አበባ «እርስዎ» የሚባሉት ሽማግሌ ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል «አንቱ» ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ደሞ «አቦ» ሳይገባበት የሚያልቅ ወሬ የለም፣ እሱንማ ዛሬ ሁላችንም ወስደነዋል። ምርቃት ላይ እናቴ ቤት ግማሹ «አሜን» ግማሹ «አሚን» ይላል፣ ማንም ማንንም ዞር ብሎ አያይም።

ዘፈንና ጨዋታ ላይ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚብሰው። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ቲክቶክ ላይ የልጆች ቪዲዮ ይለቀቅና ኮመንቱ ጦር ሜዳ ይሆናል። «አበባየሆሽ» ነው የሚለው አለ፣ የለም «አበባ አየሁሽ ወይ» ነው ትርጉም የሚሰጠው ይሄ ነው የሚል አለ፣ ሌላው መጥቶ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ይላል፣ ሰው እናቱ ያስተማረችውን ይዞ የሌላውን እናት ይሰድባል። መልሱ ግን በሁሉም አፍ አንድ ነው፣ «ለምለም»። የልጃገረዶቹን በዓል ውሰዱት፣ ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ላይ አሸንዳ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ያንን ለምለም ቄጤማ አስረው ይወጣሉ፣ ጎጃም ደሞ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ አለላቸው። «ትክክለኛው ስም የቱ ነው» ብሎ መጠየቅ በራሱ ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም። ሰቆጣ ያለችውን ልጅ ሄዳችሁ ስሙን ተሳስተሻል ልትሏት ነው?

አሁን አሁን ደሞ ሌላ ነገር መጣ፣ ዩቲዩብ። ልጆቹ የሚሰሙት በካርቱን የተሠራ አንድ ዓይነት እሹሩሩ፣ አንድ ዓይነት ሆያ ሆዬ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ አማርኛው ያዲስ አበባ። ክፉ ነው አልልም፣ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ልጆቿን አማርኛ ያስለመደችው በሱ ነው፣ ግን የሷ ልጆች አያታቸው በቪዲዮ ኮል «እሹሩሩ» ስትል «ይሄ ሌላ ነው» ይሏታል። ሌላ አይደለም፣ የነሱ ነው፣ እናታቸው የተኛችበት እሱ ነው።

ከጨዋታ ሁሉ እኔ የምወደው እንቆቅልሽ ነው። መብራት ሲጠፋ እናቴ «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ እኛ «ምን አውቅልሽ»፣ «ስሄድ አገኘኋት ስመለስ አጣኋት»፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብለን ብለን ካቃተን «አገር ስጡኝ» ትላለች። አገር ሰጥተን ነው መልሱን የምናገኘው (ጤዛ ናት)። ጎንደርን ስንሰጣት አልፈልግም፣ ሐረርን ስንሰጣት አልፈልግም፣ በመጨረሻ ደሴን ስንሰጣት እሺ ብላ ትገባና እዛ ሆና የበላችውን የጠጣችውን ትዘረዝርልናለች፣ የጦሳን ተራራ ትነግረናለች፣ ሰኞ ገበያን ትነግረናለች፣ እኔ ደሴን ሳላያት ያወቅኳት እንደዛ ነው። አገር የሚሰጣጡ ልጆች ጨዋታ! ከዚህ በላይ ጂኦግራፊ አለ? እና ይሄ የሚነገረው በሷ አፍ ነው፣ «ኸደሴ» ብላ ነው የምትጀምረው፣ «ከ» በይ ካላችኋት ደሴም አብራ ትሄዳለች።

በመጨረሻ መምህሯን ላናግራት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ተናድጄ ነው የሄድኩት፣ አልደብቅም። ልጅ እግር ናት፣ ነገሩን ስነግራት ደነገጠች፣ ከዛ ቀስ ብላ «እኔ እኮ የጎጃም ልጅ ነኝ» አለችኝ። ኮሌጅ ልትማር አዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ክፍል ውስጥ «ተቤት» ብላ ሁሉም ስቆባት ዓመት ሙሉ እጇን አላወጣችም። ልጆቹ እንደሷ እንዳይሳቅባቸው ብላ ነው የምታርመው። ንዴቴ እዛው ቀረ፣ ምን ልበላት?

ትንሽ ቆምን። ሌላ ነገር ሲጠፋኝ እናንተ ጋ «ጨረቃ ድምቡል ቦቃ» እንዴት ነው የሚባለው አልኳት፣ «አጤ ቤት ገባች አውቃ» አለችና እሱ ድረስ አንድ ሆነን ከዛ በኋላ ያለው ግን እናቴ ከምትለው ጋር ጭራሽ አይገናኝም፣ እኔ የማላውቀው አራት ስንኝ ነበረው። ድገሚው አልኳትና ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። የልጆቹ ጫጫታ አለበት፣ የደወሉም ድምፅ ገብቷል፣ ግን ይሰማል። የእናቴን ደሞ ቅዳሜ ማታ ቀድቻለሁ፣ እስካሁን 11 ደቂቃ ሆኗል፣ «ኸ»ዎቹ ሁሉ አሉበት። መምህሯ ለወላጆች ቀን እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ አንድ ግጥም ያያቱን ይዞ ይምጣ ልላቸው ነው ብላኛለች። እናቴን ነገርኳት፣ የትኛውን እንደምታስጠናት ገና አልወሰነችም።