ሦስት ቀን ለማን ይበቃል?

ቀን መስጠትን የሚያህል ርካሽ ቸርነት በዓለም የለም። ደመወዝ ልጨምር ያለ መንግሥት ካዝናውን ማየት አለበት፤ መንገድ ልሥራ ያለ ጨረታ ማውጣት አለበት፤ ቀን ልስጥ ያለ ግን እስክሪብቶ ካለው በቃው። በዚህ ሙያ የታይላንድን ካቢኔ የሚስተካከል አላየሁም። ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባል፣ ካላንደሩን ይገልጣል፣ በበዓልና በቅዳሜ መሀል ብቻዋን የቀረች የሥራ ቀን ካገኘ አንጀቱ አይችልም፤ "ልዩ የዕረፍት ቀን" ብሎ ከጓደኞቿ ይቀላቅላታል። እንዲህ ያለውን አንጀተ ቡቡ መንግሥት ዕድሜ ይስጠው!

ይህ ደግነት በደንብ የሚፈስሰው በሶንግክራን ሰሞን ነው። ሶንግክራን የታዮች ባህላዊ አዲስ ዓመት ሲሆን ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ይውላል፤ በእኛ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት የፈረንጅ ናቸው። የታዮቹን ልከተል ብል 543 ዓመት መደመር ሊኖርብኝ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት መቀነስ ለሚያደናግረን ሰዎች ይህ ግፍ ነው።) መንግሥታዊው አዲስ ዓመት ከ1941 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በመሀል የቻይኖቹም አለ፣ በእሱም ቀን ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ "እንኳን አደረሳችሁ" የሚባባል ሕዝብ ዕረፍት አነሰኝ ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሥርዓቱስ ቢሆን እንዴት ያለ ነው! ልጆች ጃስሚን የተነሰነሰበትን ውኃ በወላጆቻቸው መዳፍ ላይ በቀስታ ያፈስሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ምርቃት ይቀበላሉ፤ በየገዳሙ የቡድሃ ሐውልት ይታጠባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። የቀረውን ሁለት ቀን ተኩል ባህልን ለማስፋፋት ያውሉታል። በፒክአፕ ጀርባ ትልቅ በርሜል ይጫናል፤ በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ የሚያህል በረዶ ይገባል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያ ውኃ በሞተር ሳይክል የሚያልፍ ሰው ማጅራት ላይ በባልዲ ይለቀቃል። ሰውየው ሲንዘፈዘፍ ሌላው ቀርቦ በውኃ የተለወሰ ነጭ አፈር ጉንጩን ይቀባዋል። ቺያንግ ማይ ላይ ውኃው የሚቀዳው አሮጌውን ከተማ ከከበበው ቦይ ነው፣ ስለ ንጽሕናው አትጠይቁኝ። ባንኮክ ውስጥ ሲሎም ጎዳና ላይ ደግሞ የውኃ ሽጉጥ ያልያዘ ሰው እንደ ሰላይ ነው የሚታየው። ለሸቀጥም ለሕክምናም ከቦሌ ወደዚያ የምትመላለሱ ወገኖች፣ ፓስፖርታችሁን አንገት ላይ በሚንጠለጠለው የፕላስቲክ ከረጢት አድርጉት። "እኔ እንግዳ ነኝ" የሚባል መከራከሪያ የለም፤ እንዲያውም እንግዳ ቀድሞ ይረጥባል።

እንግዲህ በየዓመቱ ሀገሩ ለሁለት ይከፈላል፦ "ይራዘም" ባዮችና "ይብቃ" ባዮች። እኔ ከይራዘም ባዮች ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም ያለ እነሱ ኢኮኖሚስቶች በኤፕሪል ምን ሥራ ይኖራቸዋል?

የይራዘም ባዮች ወርቃማ ዘመን በ2023 መጨረሻ ጀመረ። ዩኔስኮ ሶንግክራንን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። የእኛ ጥምቀት በ2019 የገባበት መዝገብ ነው፤ ውኃ ለውኃ ይጠራራል መሰለኝ። ታዲያ ወይዘሮ ፔቶንግታርን ሺናዋት፣ ያኔ የገዢው ፓርቲ መሪና የባህል ገበያ ማስፋፊያው ኮሚቴ ሹም፣ "በዓሉ ወር ሙሉ ይከበር" የሚል ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። ወር ሙሉ! ፎጣ ሻጮች እልል አሉ። የቀረው ሕዝብ ግን "ሠላሳ ቀን ርሰን ማን ያደርቀናል?" ሲል ጊዜ ማብራሪያ መጣ፦ ሁሉም ሰው ወር ሙሉ ይረጭ ማለት አይደለም፣ ዝግጅቱ በየክፍለ ሀገሩ ተራ በተራ ነው፣ እና እንዲያውም ከኤፕሪል 1 እስከ 21 ብቻ ነው። ይህቺን "ብቻ" ወድጃታለሁ። ካቢኔውም ባዶ እጁን እንዳይባል የ2024ን ኤፕሪል 12 መርቆ ዕረፍቱን ከ12 እስከ 16 አደረሰው። ወይዘሮዋ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የሦስት ቀን በዓል ወደ 21 ያስረዘሙት ሴት የራሳቸውን ሥልጣን ግን ከአንድ ዓመት ከሁለት ሳምንት ማስረዘም አልሆነላቸውም፤ በኦገስት 2025 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ አሰናበታቸው። ዳኞች "ልዩ ቀን" የሚባል ነገር የላቸውም።

ፓታያን ግን ላደንቅ እወዳለሁ። እሷ ካቢኔም ዩኔስኮም አልጠበቀችም፤ ሌላው ከተማ ልብሱን አስጥቶ ሥራ ሲገባ፣ የእሷ ትልቁ መራጨት ኤፕሪል 19 ነው። ክርክር የሚያበዛ ሁሉ ከዚህች ከተማ ይማር።

ይብቃ ባዮች ደግሞ ምን ይላሉ? የፋብሪካ ባለቤቶች ናቸው፤ ደስታ አይወዱም። "ማሽን ከቆመ ለማስነሳት ወጪ አለው፣ የውጭ ገዢ ሶንግክራን አያውቅም" ይላሉ። ሕጉ ለሠራተኞቻችሁ በዓመት ቢያንስ 13 በዓላት ስጡ ብሏቸዋል፣ እነሱም ቆጥረው ይሰጣሉ። የካቢኔው ልዩ ቀን ግን የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ነው፤ የግሉን ዘርፍ "እንደሚመቻችሁ አድርጉ" ብሎ ያልፈዋል። ሙገሳው ለካቢኔው፣ ሒሳቡ ለአሠሪው፤ የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። በዚያች ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በረንዳው ላይ ባልዲውን ሞልቶ ይጠብቃል፤ የፋብሪካዋ ሠራተኛ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወደ ሰርቪስ ስትሄድ የሀገሪቱን ቅርስ በጀርባዋ ትቀበላለች። ሁለቱም በዓል ላይ ናቸው፣ አንዱ በመርጨት ሌላዋ በመርጠብ።

የአስረዛሚዎች ጠንካራው መከራከሪያ መንገድ ነው። ቀኑ ሲበዛ መኪናው ይበታተናል፣ መጨናነቁ ይቀንሳል፣ አደጋውም ይቀንሳል። እንዴት ያለ ሒሳብ! ባንኮክ ሞ ቺት መናኸሪያ ላይ ካርቶንና የሩዝ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ክፍል፣ ወደ ኢሳን የሚሄደው ሕዝብ ግን ይህን ሒሳብ አልሰማም። የተጨመረው ቀን ሐሙስ ከሆነ ሁሉም ረቡዕ ማታ ይወጣል፣ ረቡዕ ከሆነ ማክሰኞ ማታ ይወጣል፤ መጨናነቁም ታማኝ ነውና አብሮት ቀኑን ይቀይራል፣ ወደዚያው በሚወስደው በሚትራፋፕ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ከመኪና ተያይዞ ያድራል። መንግሥት ራሱ የበዓሉን ሰሞን "ሰባቱ አደገኛ ቀናት" ብሎ ሰይሞታል፣ በየጠዋቱም መግለጫ ይሰጣል፦ ትናንት ይህን ያህል ሞተ፣ አብዛኛው በሞተር ሳይክል፣ ምክንያቱ ፍጥነትና መጠጥ። በ2016 በሰባቱ ቀን 442 ሰው ሞተ፤ በአምስት ቀን ዕረፍት በተንበሸበሹበት በ2024 ደግሞ 287። ቀነሰ አይደል? ይራዘም ባዩ ባለሥልጣን "ቀነሰ" የሚለውን ቃል እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል።

አንድ ጊዜ መንግሥት ጨክኖ ነበር። በ2017፣ በዓሉ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ በፒክአፕ የጭነት ጀርባ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ከለከለ። ወታደራዊ መንግሥት ነው፤ ተቃውሞ አግዷል፣ ሰልፍ አግዷል፣ ሕዝቡ ችሎታል። ፒክአፕ ሲነካ ግን ሀገር ተነሳ! ጄኔራሎቹ ትእዛዛቸውን አጥፈው ቅጣቱን ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን አሉ። ለመፈንቅለ መንግሥት ያልተንቀሳቀሰ ሕዝብ ለበርሜሉ ሲል ድል አደረገ። በያዝነው ጉዳይ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ሉዓላዊነት አላየሁም።

ሌላም ብልሃት አላቸው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሶንግክራን ቀረ፤ ዕረፍቱ ግን እንዴት ይቅር? አልሸሹም ዞር አሉ ነውና አንዱን ቀን ወደ ጁላይ፣ ሁለቱን ወደ ሴፕቴምበር ወሰዷቸው። ለአረጋውያን መዳፍ የተመደበው ቀን በክረምት መሀል የሆቴል አልጋ መሙያ ሆነ። ውኃ መራጨት ክልክል ነበር፣ እሱን ሰማዩ በነፃ ሠራው። ከዚያ በፊት በ2016 ድርቅ ሲጠና ባንኮክ የመራጨቱን ጊዜ አሳጥራ ነበር፤ እንዲህ ያለውን አሳፋሪ ታሪክ ባናነሳው ይሻላል።

ከሀገሪቱ ሠራተኛ ግማሽ ያህሉ መደበኛ ቅጥር የለውም፤ የሞተር ታክሲ ነጂው፣ በመንገድ ዳር ሩዝ ጠባሿ፣ የቀን ሠራተኛው። ለእነሱ ልዩ ቀን ማለት ወይ ገበያ የሌለበት ቀን ነው፣ ወይ ገበያው በውኃ የሚታጠብበት። በክርክሩ ላይ አልተጋበዙም፤ ጥሩ ነው፣ ስብሰባው ይረዝም ነበር። የጥግ ሱቋ ገንዘብ ተቀባይም አለች፦ ለይራዘም ባዩም ለይብቃ ባዩም በረዶ፣ የውኃ ሽጉጥ፣ የስልክ ከረጢትና ቢራ የምትሸጠው፣ እናቷ ኢሳን ውስጥ ኡቦን ያሉት። ሦስት ቀን ይሁን አምስት ወይስ 21 ብሎ እሷን የጠየቀ የለም። ቢጠይቋትም ሱቁ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ ከኋላ ደግሞ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሰልፍ አለ፤ "ከረጢት ልጨምር?" ብላ ነው የምትመልሰው።