19 ሰዓት በጉልበቴ ላይ

ዋሽንግተን ልጃቸውን ሊያርሱ ሄደው የተመለሱት የፎቃችን እትዬ፣ ማክሰኞ ዕለት መምጫው 16 ሰዓት ፈጀ አሉን። ሐሙስ ቡና ላይ 17 ሆነ። እሁድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ አስከሬን ሳይወጣ 19 ገባ።

ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣውን ሳይከፍት ሰዓቱን ይከፍታል። ዱባይ የሄደው አራቱን፣ ፍራንክፈርት የሄደው ሰባቱን ይዘረግፋል። ናይሮቢ ደርሶ የመጣ ምስኪን ሁለት ሰዓት ምኑ ይወራል ብሎ ዝም። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በአስመራ አድርጎ ካይሮ ሲበር እንኳ ተሳፋሪው እንዲህ የፎከረ አይመስለኝም።

«እትዬ፣ ሲመጡማ 13 ሰዓት ገደማ ነው» አልኩ በትሕትና። አስረዳኋቸውም። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ከነሰዉ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል፤ ደብሊንም ሎሜም ሲያርፍ ኖሯል። ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ምድር ናት፤ ከዚያ ሲነሣ ጢም ብሎ፣ ነፋስም ከኋላ እየገፋው፣ 11,500 ኪሎ ሜትሩን ሳያርፍ ይመጣል።

እትዬ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «አንተ ሄደህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ተቀመጥኩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ይህን የቱሉ ዲምቱ ቤት ያከራየኝ ደላላ «ቦሌ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ቤቱም ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው» ነበር ያለኝ። ገባ ብሎ! ሁለት መቶ ሜትርም ገባ ብሎ ነው፤ ሁለት ባጃጅ የሚያቀያይር ጭቃም ገባ ብሎ ነው። ኮሚሽኑን ግን ገባ ሳይል፣ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆጥሮ ተቀበለኝ። አንድ ቀን አገኘዋለሁ።

እናቴ «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» ትል ነበር። ከተረት ሁሉ እሱን እወዳለሁ፤ ጠዋት መገናኛን አስቦ ወጥቶ ቃሊቲ ሰልፍ ላይ ለሚያረፍድ ሰው የተተረተ ነው የሚመስለኝ። የአዳማ ፈጣን መንገድ መክፈያው ደጃፋችን ነው፤ 85 ኪሎ ሜትሩ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። አዳማ ያለው የአክስቴ ልጅ ከመገናኛ ጓደኞቼ ይልቅ ጎረቤቴ ሆኗል። ወደ ከተማ ስንሄድ ግን ረዳቱ የመገናኛ ብሎ ይጭነንና መሐል መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» ይላል። ሙሉውን ሒሳብ ተቀብሎ። ስንጮህ ደግሞ «ካልተመቻችሁ ኮንትራት ያዙ»! ባለጌ። ያንን ሰዓት ማን ይቆጥርልኛል? በሰልፍ ስለቆምኩት ሦስት ሰዓት የሚሰማኝ ብሎ ቡና ያፈላልኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ምን ላይ ነበርኩ? እትዬ። ትናንት ማታ በሬን አንኳኩ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«እንካ፣ ለአንተ ያስቀረሁት ነው። 19 ሰዓት ሙሉ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት፣ እንዳይሰባበር።»

13 ልል አፌን ስከፍት ቸኮሌቱ ገባበት። ለውዝ ያለው ነው።