እርማት፦ ትሬንች ኮት ዶፍ አይችልም

«ትሬንች ኮት (ባለ ቀበቶው ረጅም ካፖርት) ዓመቱን ሙሉ ይለበሳል፤ ውሃ ስለማያስገባ ለጅማ ክረምት ጃንጥላ አያስፈልግም» ሲባል ደጋግሜ አያለሁ። የመጀመሪያው ልክ ነው። በበጋ ማለዳ ቀበቶውን ሳያስሩ ከቲሸርት በላይ ጣል ይደረጋል፤ ብርድ ሲሆን ከሥሩ ሹራብ ይደረባል። ሁለተኛው ግን ስህተት ነው።

የትሬንች ኮት ዋነኛ ጨርቅ ጋባርዲን ነው። እንግሊዛዊው ልብስ ነጋዴ ቶማስ በርበሪ እ.ኤ.አ. በ1879 የሠራው ይህ ጨርቅ ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ነው። ካፊያ ይመልሳል። ዶፍ ሲወርድበት ግን ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል፤ በተለይ በትከሻና በስፌቱ በኩል። ከሳልባጅ የምንገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋባርዲን እንኳ ላይሆን ይችላል። ውሃ የሚመልስ ቅብ ቢኖረውም በእጥበት ብዛት ይለቃል።

ካላመናችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። እጅጌው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጠብታው ድብልብል ብሎ ከቆየ ካፊያ ይችላል ማለት ነው። ጨርቁ ከጠቆረ ያንንም አይችልም። ቀጥሎ ኮቱን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። የእውነተኛ የዝናብ ልብስ ስፌት ከውስጥ በኩል በፕላስቲክ ጥብጣብ ይታሸጋል። ትሬንች ኮት ላይ ይህን ማግኘት ብርቅ ነው።

ይህን ሳያውቅ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ በሐምሌ ዝናብ የሄደ ሰው ሸሚዙ ድረስ ይበሰብሳል። ኮቱም ይከብዳል፣ ፀሐይ በሌለበት ሰሞን ቶሎ አይደርቅም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ እርጥቡን ከተሰቀለም ይሻግታል። ሰማዩ ከጠቆረ ጃንጥላ ያዙ።