ቀለሙ ተቀይሯል፤ ፎቶው ግን ውሸት አይደለም

«የፍጥረት ምሰሶዎች» የሚባለውን ፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ሦስት ቡናማ የጋዝና የአቧራ ዓምዶች ናቸው፤ ከኋላቸው አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን አለ። ሃብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሳው ነው። በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ «ባክህ፣ ፎቶሾፕ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቀለሙ በእርግጥ ተቀይሯል። ግን ፎቶውን ውሸት የሚያደርገው ይሄ አይደለም።

ምሰሶዎቹ ያሉበት ንስር ኔቡላ (ኔቡላ በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው) ከእኛ 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ውስጡ እጅግ የጋሉ ወጣት ከዋክብት አሉ። አልትራቫዮሌት ጨረራቸው የሃይድሮጅን አቶምን ሲመታ ኤሌክትሮኑን ይነጥቀዋል። የተነጠቀው ኤሌክትሮን ተመልሶ አቶም ሲያገኝ ጉልበቱን በብርሃን መልክ ይለቃል። ደመናው እንዲህ ራሱ ያበራል። የሃይድሮጅኑ ብርሃን ቀይ ነው። የኦክስጅኑ አረንጓዴ፣ የሰልፈሩ ደግሞ እንደገና ቀይ።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ቀዮች ዓይን አይለያቸውም። ስለዚህ ፎቶውን ያዘጋጁት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን የሦስቱን ጋዞች ብርሃን በየራሱ ማጣሪያ ለየብቻ አነሱ። ከዚያ ለሰልፈር ቀይ፣ ለሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ለኦክስጅን ሰማያዊ ሰጡ። ካርታ ላይ ደጋው ቡናማ፣ ቆላው አረንጓዴ ሲቀባ «ዋሻችሁን» የሚል አለ? ተራራው ግን እዚያው ነው።

«እኔ የማምነው ዓይኔን ነው» ለሚል ሰው ደግሞ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አለለት። በታኅሣሥና በጥር ምሽት ሦስቱን የተሰለፉ ከዋክብት ፈልጉና ከእነሱ ወደ ደቡብ ዝቅ በሉ። ያቺ ብዥ ያለች ነጥብ ኔቡላ ናት። ለዓይን ግራጫ ናት፤ ዓይን ብርሃን አያጠራቅምማ። አሜሪካዊው የሰማይ ተመልካች ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1880 እሷኑ ፎቶ ለማንሳት 51 ደቂቃ ብርሃን ማጠራቀም ነበረበት። የኔቡላ የመጀመሪያው ፎቶ ያ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ተጠራጣሪው አይደለም። ፎቶውን «ዋው» ብለው ብቻ የሚለጥፉት ገጾችና የዜና አውታሮች ናቸው። «አረንጓዴው ሃይድሮጅን፣ ሰማያዊው ኦክስጅን፣ ቀዩ ሰልፈር ነው» ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ያቺን መስመር ያነበበ ልጅ ሰማያዊውን ሲያይ፣ አሁን የሚተነፍሰው ኦክስጅን እዚያ ሩቅ ቦታም እንዳለ ያውቃል።