ልምድ ተብሎ የተሰጠን ማኅተም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ሆኖም ነገሩ ካለፈ ሁለት ወር ስለሆነው የምለውን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እዚህ ባሕር ዳር በአንድ የቢዝነስ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር አራት ሆነን አንድ ድርጅት ለስምንት ሳምንታት እንድናማክር ተመደብን። በመመሪያው ላይ የሰፈረው ዓላማ የሚያስደስት ነበር፤ ተማሪው የድርጅቱን እውነተኛ ችግር እንዲያጠናና የመፍትሔ ሐሳብ እንዲያቀርብ፣ ድርጅቱ ከጥናቱ እንዲጠቀም፣ ተማሪውም ተመርቆ ከመውጣቱ በፊት የሥራ ልምድ እንዲያገኝ ይላል። እኔም አምኜበት ነበር፤ የሚያበሳጨኝም ማመኔ ነው።

የተመደብንበት ድርጅት ከጣና ዓሣ እየተረከበ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል ነው። የድጋፍ ደብዳቤያችንን ይዘን ስንሄድ መዝገብ ቤት አስገቡ ተባልን፤ አስገባን። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ገና አልተመራም ተባልን። በሳምንቱ ደግሞ የሚመለከታቸው ኃላፊ ለስብሰባ ወጥተዋል ተባልን። ሥራ አስኪያጁን ያገኘናቸው ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ነው። በአክብሮት ተቀበሉን፣ ሻይ አስመጡልን፣ የሽያጭና የግዥ ሰነድ ማየት እንደምንፈልግ ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ልጆቼ፣ ሰነድ የድርጅቱ ምስጢር ነው። የምትፈልጉት ፊርማ ከሆነ አታስቡ፣ እንፈርምላችኋለን» አሉን። ከዚያ በኋላ የተሰጠን ሥራ በካርቶን የተከማቹ የቆዩ ደረሰኞችን በዓመተ ምሕረት ለይቶ ማሰር ነበር።

ሥጋታቸውን አልንቅም። የነጋዴው ሒሳብ ከቢሮው ከወጣ ወይ ተፎካካሪው ዘንድ ወይ ገቢዎች ዘንድ ይደርሳል ብሎ መፍራት በዚህ ከተማ የተለመደ ነው፤ እኛን የላከን ተቋምም ይህን ፍርሃት የሚያስወግድ አንድም ነገር አላዘጋጀም። ተማሪው ያየውን ለሌላ እንዳይሰጥ የሚያስገድድ አንድ ገጽ የምስጢር መጠበቂያ ውል ቢኖር፣ ድርጅቱ፣ መምህሩና ተማሪው ቢፈርሙበት፣ ንግግራችን በሻይ አያበቃም ነበር። እኛ የያዝነው ደብዳቤ ግን «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» ከማለት በቀር ምን እንደምንጠይቅ እንኳ አይናገርም።

ሰነድ ሲከለከለን ወደ ሐይቁ ወረድን። ለአሥራ አንድ ቀናት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዎቹና ታንኳዎቹ ከሚጠጉበት ዳርቻ እየቆምን የሚወርደውን ዓሣ መዘገብን። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ተለይቶ ይመዘናል፤ ቢላዋ የያዙት ልጆች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቅርፊቱን ይጠርጋሉ፣ ቆዳውን ይገፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ሻላዎቹ ከጎናቸው ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ከመካከላችን አንዷ ልጅ ከአጥንቱ የተለየው ሥጋ፣ ፊሌቶው፣ ከመጫኑ በፊት በዚያው ሚዛን መልሰው እንዲመዝኑላት ለመነቻቸው። የመጀመሪያው ቀን ሳቁባት፤ በአራተኛው ቀን ሳትጠይቃቸው ራሳቸው መመዘን ጀመሩ።

በደብተራችን ላይ የወጣው ነገር ቀላል ነበር፤ ከአሥር ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ ሦስት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። የቀረው ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። ይህ ማለት አንድ ኪሎ ፊሌቶ በረዶው፣ የአራጁ ክፍያና የመጓጓዣው ሒሳብ ሳይታሰብ ገና ከመነሻው ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ዓሣ የተገዛበትን ዋጋ ተሸክሟል። ድርጅቱ ዋጋውን እንዴት እንደሚተምን የሽያጭ ሠራተኛውን ስንጠይቀው ጎረቤቶቹ የሚሸጡበትን አይቶ እንደሚወስን በቅንነት ነገረን። በፊሌቶውና በሙሉ ዓሣው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ወጪውን መሸፈን አለመሸፈኑን አስልቶ የሚያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። በሦስተኛ ዓመት የተማርነው የወጪ ሒሳብ ሥራ ላይ ሊውል የሚችልበትን ቦታ በትምህርት ዘመኔ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ፈላጊው እንደሚበዛ፣ በክረምት ደግሞ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ስለሚወጣ ከወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ እንደሚታፈስና ለከርሞ የሚተርፈው እንደሚመናመን አጥማጆቹ ነገሩን። እምቦጩ በተኛበት በኩል ጀልባ ለማሳለፍ ምን ያህል እንደሚደክሙም እንዲሁ። ይህን ሁሉ የአቅርቦት ዕቅድ አድርገን ጻፍነው።

በማጠቃለያው ቀን ከድርጅቱ የመጣ ሰው አልነበረም። ገምጋሚዎቹ ስለ ፊሌቶው አንድ ጥያቄ አልጠየቁንም። የጠየቁን መጠይቅ ለምን እንዳልበተንን፣ የናሙናው ቀመር የት እንዳለና የጥናቱን ዘዴ የሚያትተው ምዕራፍ ሦስት ለምን እንዳጠረ ነው። አማካሪ መምህራችን በዚያው ሴሚስተር በርካታ ቡድኖችን ይዘው ስለነበር ወደ ሐይቁ አንድ ቀን እንኳ ሊመጡ አልቻሉም፤ እሳቸውን ብቻ አልወቅስም፣ የተሰጣቸው ሸክም አንድ ሰው የሚወጣው አይደለም። ያንገበገበኝ በታሸገ ፖስታ የመጣው የድርጅቱ ግምገማ ነው። በሰዓት መገኘት፣ ሙሉ ነጥብ። የሥራ ተነሣሽነት፣ ሙሉ ነጥብ። ችግር የመፍታት ችሎታ፣ ሙሉ ነጥብ። በራፋቸው ላይ ያሳለፍናቸው ሁለት ሳምንታትም፣ በዳርቻው የቆምንባቸው አሥራ አንድ ማለዳዎችም እኩል ተፈርሞባቸዋል። ቤታቸው ተኝተው የከረሙ ተማሪዎች ያመጡት ፖስታም ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

ይህ ዓይነት ትምህርት በትክክል ሲሠራበት ምን እንደሚመስል አይታወቅም እንዳይባል፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ተማሪዎቹን ለሰባት ሳምንታት ሌላ ትምህርት ሳይደርብባቸው ከድርጅቶች ጋር ያሠራል። ድርጅቱ የራሱን ችግር ይዞ ይቀርባል፣ መምህራን ቡድኑን ይከታተላሉ፣ በመጨረሻም ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን ለችግሩ ባለቤት ያቀርባሉ። የእነሱን ገንዘብ አልመኝም። ከእኛ የጎደሉት ነገሮች ግን አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው፤ ድርጅቱ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ፣ መልስ የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ መመደብ፣ በማጠቃለያው ቀን ያ ሰው እንዲገኝ ማስገደድ ምን ያህል ብር ይፈጃል? ሰባቱን ሳምንት ተዉት፤ ሦስት ሳምንት ሌላ ክፍል ሳይኖርብን ብንሠራ ይበቃን ነበር። እኛ ግን ጠዋት ዓሣ ስንቆጥር ውለን ከሰዓት ክፍል እንገባለን፣ ማታ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ ማለፍ ግድ ለሆነው የመውጫ ፈተና እናጠናለን። ፈተናው ስለ ዳርቻው አይጠይቅም፤ ስለዚህ ብልጡ ተማሪ ዳርቻውን ይተወዋል፣ እንዲህ በማድረጉም አልፈርድበትም።

ከዚያ በኋላ የቅጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት እንቆማለን። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳሳይ ይህ ትምህርት እንጂ ልምድ አይደለም ተብያለሁ፤ ያለኝ ሰው ትክክል መሆኑን ማወቄ ይበልጥ አሳመመኝ።

የሪፖርቱን አንድ ቅጂ ለድርጅቱ አስገብተናል፣ በመዝገብ ቤት። ከወር በኋላ ስጠይቅ ገና አልተመራም አሉኝ። በዳርቻው ሚዛን የሚይዙት አባት ባለፈው ቅዳሜ አግኝተውኝ «ያ የጻፋችሁት ነገር ምን ሆነ ልጄ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጥቼ ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። ሚዛናቸው ላይ ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ የስምንቱን ሳምንታት ሥራችንን ጆሮ ሰጥቶ የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ትናንት ደግሞ ከእኛ ቀጥሎ የሚወጣው ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። እሷም ወደዚያው ድርጅት ተመድባለች። ደብተሩን እንደምሰጣት፣ ከቆሮሶው ቀጥላ አምባዛውን ብትመዝን ከእኛ የተሻለ ሥራ እንደምትሠራ በረጅሙ መለስኩላት። አመሰገነችኝና ለጊዜው የምትፈልገው የሪፖርቱን ሶፍት ኮፒ ብቻ እንደሆነ፣ ሽፋኑንና ስሙን ቀይራ ልታስገባው እንዳሰበች ነገረችኝ።